ቀይ ክር በግራ ፍሬን ላይ

ማበጠሪያ ይዞ ደን የሚገባ ብስክሌተኛ ከዚያን ቀን በፊት አይቼ አላውቅም።

ሰኞ ጠዋት ነበር። ከከተማው ጀርባ ያለውን ደን የሚያቋርጠውን የኮረኮንች መንገድ ይዤ ስወጣ፣ አንድ ረጅም ሰው ብስክሌቱን ዛፍ ላይ አስደግፎ ግንድ ላይ ተቀምጧል። ካቴናው ተበጥሶ እግሩ ሥር ተጋድሟል። እሱ ግን ፀጉሩን ያበጥራል።

«ምን ሆነህ ነው?» አልኩት ቆም ብዬ።

«ተበጠሰብኝ።»

«እሱንማ አየሁት። ምን እያደረግክ ነው ማለቴ ነው።»

«የሚረዳኝ ሰው እስኪመጣ ድረስ ሰው ልምሰል ብዬ ነው።»

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ቦርሳውን ከፍቶ አሳየኝ፤ መቀስ፣ ሁለት ማበጠሪያ፣ ትንሽ መስታወት። ፖምፓ የለ፣ መፍቻ የለ። ፀጉር አስተካካይ መሆኑን ነገረኝ። እሁድ እሁድ ከቤት መውጣት የማይችሉ ሽማግሌዎችን በየቤታቸው እየዞረ ያስተካክላል፤ ያንኑ ቦርሳ ሳያራግፍ አንጠልጥሎ ነው የመጣው።

እኔ ደግሞ የብስክሌት ጠጋኝ ልጅ ነኝ፣ ራሴም ጠጋኝ ነኝ። መፍቻ ሳልይዝ ከቤት ብወጣ አባዬ ከበር ላይ ይመልሰኛል። ተንበርክኬ ካቴናውን ስቀጥል እሱ እጄን ሳይሆን ራሴን ያያል።

«ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ይህን ፀጉር ማነው የቆረጠው?»

«እኔው ነኝ።»

«በምን?»

«ሥራ ላይ ሆኜ ዓይኔ ውስጥ ሲገባብኝ ጊዜ፣ እጄ ላይ የነበረው የሽቦ ፒንሳ ነው።»

«ያስታውቃል» አለ፣ ሐዘን እንደ ደረሰበት ሰው ራሱን እየነቀነቀ።

ጨርሼ ብስክሌቱን ስሞክረው ፍሬኑ ግራ አጋባኝ። «ፍሬንህ ተገልብጧል። የፊት ጎማው በግራ እጅ ነው የሚያዘው።»

«ትክክሉ እሱ ነው። ግራው ለፊት፣ ቀኙ ለኋላ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነው የነዳሁት።»

«እኛ ቤት የፊቱ በቀኝ ነው። አባዬ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከዚህ ውጪ አስሮ አያውቅም።»

«እንግዲያው የተገለበጡት አባትሽ ናቸው።»

ነገሩ ግን የቀልድ አይደለም። ቁልቁለት ላይ የፊቱን ፍሬን አጥብቆ የያዘ ሰው በመሪው ላይ ተሻግሮ ይወድቃል፤ የኋላውን የያዘ ተንሸራትቶ ይቆማል። እጅ ደግሞ ሳያስብ የለመደውን ነው የሚይዘው። ስለዚህ እንደ እሱ ያለ ደንበኛ ሲመጣ፣ ግራው የፍሬን እጀታ ላይ ቀይ ክር እናስራለን። ባለቤቱ የለመደው እንዲህ ነውና እንዳትቀይሩት ማለት ነው። ብስክሌቱ ከሱቅ ከመውጣቱ በፊትም ባለቤቱ ሁለቱንም ፍሬን ፊታችን ቆሞ ይሞክራል። የሰፈሩ ሰው አባዬን «ጋሼ ፍሬን» የሚለው በከንቱ አይደለም።

ከዚያ ወዲያ ሰኞ ሰኞ አብረን ወጣን። ፀጉር ቤቱ ሰኞ ዝግ ነው። እኛም እሁድ ሰው ሁሉ የሰበረውን ስናቃና ውለን ሰኞ እናርፋለን።

መንገዱ መጀመሪያ በደኑ ውስጥ ቀስ እያለ ሽቅብ ይወጣል። ጠጠሩ ከጎማ ሥር ይንኮሻኮሻል፣ የወደቀ ቅጠል ውስጥ ስንገባ ድምፁ ይጠፋል፣ ቀጥሎ ደግሞ አሸዋ መጥቶ መሪውን ወዲያና ወዲህ ይጎትተዋል። ደኑ ሲያልቅ ዛፍ የሌለበት ሰፊ ሜዳ ነው፤ እስከ ዓይን መጨረሻ ከጉልበት የማያልፍ የአስታ ቁጥቋጦና ነፋስ ብቻ። ከሜዳው ጫፍ አንድ ረጅም ቁልቁለት ይጀምራል።

ደን ውስጥ ያለ እረፍት ያወራል። የትኛው ደንበኛ ሚስቱን እንደሚፈራ፣ የትኛው መላጣውን በሦስት ፀጉር እንደሚሸፍን። ትንፋሹ እስኪያጥር ይለፈልፋል። ሜዳው ላይ ስንደርስ ግን ዝም ይላል።

«ምነው?» አልኩት አንድ ቀን።

«ሳምንቱን ሙሉ ከሰው ጭንቅላት ጋር ሳወራ እውላለሁ። እዚህ ጭንቅላት የለም።»

«እኔስ?»

ዞር ብሎ አየኝ። ረጅም ጊዜ አየኝና ከመንገዱ ወጥቶ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ። እስኪነሳ ድረስ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ልቤ ግን ስቆ ዝም አላለም።

ፀጉሬን ያቃናልኝ ከዚያ በኋላ ነው። ፀጉር ቤቱ ዝግ ነበር፤ ሁለት ወንበር፣ አንድ ረጅም መስታወት፣ የታጠበ ፎጣ ሽታ። የመጀመሪያው ወንበር የታላቅ እህቱ ነው፣ ሁለተኛው የእሱ። እህቱ ጥግ ላይ ሆና መቀስ ትወለውላለች፣ እያየችን እንዳልሆነ ሰው። እኔ እጅ አውቃለሁ፤ ቀኑን ሙሉ የማየው እጅ ነው፣ የማን እጅ ብሎን እንደሚያበላሽ ከአያያዙ እለያለሁ። እንደ እሱ ያለ እጅ ግን አይቼ አላውቅም። ጣቶቹ ከጆሮዬ ጀርባ ሲያርፉ መኖራቸው አይታወቅም፣ ሲነሱ ግን ይታወቃል። ያን ቀን ወደድኩት። ቀድሞም ወድጄው ነበር፣ ያን ቀን ግን አወቅሁት።

አባዬ ወዲያው ነቃብኝ። «ያ ወሬኛ ዛሬ አልመጣም?» ይላል ቀና ሳይል።

«የትኛው ወሬኛ?»

«የሰኞውን።»

«አባዬ ደግሞ!»

«ምን አልኩ? ካቴናውን በወጉ የሚቀባ ከሆነ ምን ቸገረኝ።»

በእሱ ቋንቋ ይህ ምርቃት ነው።

በመኸር መጀመሪያ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ፣ የፍሬን ሽቦው እንዲቀየርለት ብስክሌቱን አመጣ። ቀይ ክሩን በገዛ እጄ አሰርኩት። ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሰኞ ቁልቁለቱን ስንጨርስ፣ ከታች፣ አንድ ነገር እነግርሻለሁ።»

«አሁን ንገረኝ።»

«አባትሽ እየሰሙ?»

አባዬ ጎማ እየነፋ ነበር። ፖምፓው ለአፍታ ቆሞ እንደገና ቀጠለ።

እሁድ ከሰዓት የእሱን ብስክሌት ልሠራ ተቀመጥኩ። መሪው ላይ የተጠመጠመውን አሮጌ ጨርቅ ስፈታ ቀይ ክሩ አብሮ ተቆርጦ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ከሌላው ቁርጥራጭ ጋር ጠረግሁት። ልቤ ሰኞ ላይ ነበር፣ ቁልቁለቱ ሥር ነበር። እጆቼ የለመዱትን ሠሩ፤ የፊቱን ሽቦ በቀኝ፣ የኋላውን በግራ። አዲስ ጥምጥም ጠመጠምኩለት። እንደዚያ አሳምሬ የሠራሁት ብስክሌት የለም።

አመሻሹ ላይ እየተጣደፈ መጣ፣ እህቱ ትጠብቀው ነበር። «ፍሬኑን ሞክረው» ማለት ነበረብኝ። አባዬ እያየን ነበር፤ እኔ አፍሬ፣ እሱ አፍሮ፣ እንደ ልጅ እየተሳሳቅን ብስክሌቱን ተረከበኝና ሄደ። ሳንሞክረው፣ እየገፋው ሄደ።

ሰኞ ደኑን እንደ ወትሮው እየለፈለፈ ወጣው። ሽቅብ ነው፣ ፍሬን የሚያስይዝ ነገር የለም። ሜዳው ላይ ዝም አለ። ቁልቁለቱ አፍ ላይ ቆመን ወደ ታች አየን።

«አሁን ንገረኝ» አልኩት እንደገና።

«ታች።» ሳቀና ወረደ።

መሃል ላይ ጎርፍ የቦረቦረው ቦታ አለ። እዚያ ሲደርስ ሁልጊዜ በቀኝ እጁ የኋላውን ፍሬን ጠበቅ አድርጎ፣ ጎማውን በጠጠሩ ላይ አንሸራትቶ ነው የሚያልፈው። እንደ ሁልጊዜው ያዘ። የኋላው ጎማ ግን አልተንሸራተተም፣ ተነሳ።

ሃያ ሜትር ያህል ከኋላው ነበርኩ። ሲነሳ አየሁ፣ በመሪው ላይ ሲሻገር አየሁ፣ ቀኝ እጁ ከሥሩ ሲገባ አየሁ። ጮህኩ መሰለኝ። ጩኸት ምን ይይዛል?

ራሱን ጭኔ ላይ አድርጌ የደወልኩለትን የደን ጠባቂ መኪና ስጠብቅ ዓይኑን ገለጠ። ላቡ ችፍ ብሏል።

«ይቅርታ» አለኝ።

«ምኑን ነው ይቅርታ የምትለኝ?»

«ቀንሽን አበላሸሁት። በልክ ልይዝ አስቤ እጄ እንደ እብድ ጨበጠ። እጄ ከዳኝ።»

ያኔ ነው ቀና ብዬ ብስክሌቱን ያየሁት። ጠጠሩ ላይ ተጋድሟል። ከቀኝ እጀታው የወጣው ሽቦ ወደ ፊት ጎማ ይወርዳል። የእኔ ሥራ፣ የእኔ ያማረ ጥምጥም። ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ እሱ ከሕመሙ ብዛት ዓይኑን ጨፈነ፣ እኔም አፌን ዘጋሁ። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ።

የደን ጠባቂው እሱን ሆስፒታል አድርሶ ብስክሌቱን ወደ ሱቃችን አመጣው። አባዬ አንድ ጊዜ ብቻ አየው። በማግስቱ ጠዋት ስገባ ብስክሌቱ መንጠቆ ላይ ተሰቅሏል፤ የፊቱ ሽቦ በግራ፣ የኋላው በቀኝ። ልክ መሆን እንደነበረበት።

«አባዬ፣ ምን አደረግክ?»

«የሚገባውን።»

«አሁን ምን ሊረባ?»

ካቻቢቴውን አስቀመጠ። «ስሚኝ ልጄ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ብትነግሪው የሱቃችንን ስም ይቀብራል፣ አንቺንም ዓይንሽን አልየው ይላል። ሆድ ይፍጀው። የሰው እጅ እንደሆን በወሬ አይድንም።»

እውነት መሰለኝ። እውነት እንዲመስለኝም ፈለግሁ።

እጁ ውስጥ ብረትና ብሎን ገባ። በየቀኑ ከሥራ ስወጣ እሄድለታለሁ። ሸሚዙን እቆልፍለታለሁ፣ የጫማውን ክር አስርለታለሁ። ሲያመሰግነኝ ቋጠሮውን ደግሜ አጠብቃለሁ። አንዳንድ ቀን ዝም ብሎ ዓይኔን ሲያየኝ የማወቂያው ሰዓት ደረሰ እላለሁ። እሱ ግን «ደክሞሻል፣ ሂጂ እረፊ» ይለኛል።

ከአራት ወር በኋላ የእጅ ሐኪሟ ዘንድ አብረን ገባን። ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈች፣ ዘረጋች።

«አጥንቱ ገጥሟል፣ ጅማቱም ይሠራል» አለችው። «የቀረው ያንተ ፈንታ ነው። መቀስህን ያዝ።»

ኮሪደሩ ላይ ስንወጣ ግድግዳ ተደገፈ።

«እሷ የምታውቀው አጥንት ነው» አለኝ። «ይህ እጅ ያላዘዝኩትን አድርጓል። ሌላው ጣጣ የለውም፣ ማንኪያም ቁልፍም ልያዝበት። ግን ነገ የሰው ጉሮሮ ላይ ምላጭ ይዤ ሳለሁ እንደዚያ ቢጨብጥስ? ገባሽ? እጄን አላምነውም።»

«ያን ቀን ልትነግረኝ የነበረው ነገርስ?»

«እሱ ቀረ። ራሱን የማያምን ሰው ሌላውን እመኚኝ ይላል እንዴ?»

በዚያው ቅጽበት አንድ ነገር ቁልጭ ብሎ ታየኝ። አባዬ እጁ በወሬ አይድንም ብሎኝ ነበር። ለካ ሊድን የሚችለው በወሬ ብቻ ኖሯል። እጁ አልከዳውም። እጁ የታዘዘውን፣ እንደ ለመደው፣ በልኩ ነው ያደረገው። ይህን የማውቀው በዓለም ላይ እኔና አባዬ ብቻ ነን። ብነግረው እጁን ያገኛል፣ እኔን ያጣል። ባልነግረው እኔን አያጣም፣ ግን ዕድሜውን ሙሉ የገዛ እጁን እንደፈራ ይኖራል።

እንዲህ ተብሎ ሲጻፍ ምርጫው ቀላል ይመስላል። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። በየቀኑ ቃላቱን እያዘጋጀሁ እገባለሁ፣ በየቀኑ ሸሚዙን ቆልፌ እወጣለሁ። ፈሪ ነበርኩ፣ ሌላ ስም የለውም።

አንድ ማክሰኞ እህቱ የፀጉር ቤቱ በር ላይ ያዘችኝ።

«ሐሙስ ወንበሩን ሊወስዱት ነው» አለችኝ። «የእሱን ወንበር። ለሌላ ፀጉር ቤት ስጪው አለኝ። እኔ ያላልኩት የለም፣ ያላለቀስኩት የለም። አንቺን ይሰማሽ ይሆናል፣ እባክሽ።»

ገባሁ። በግራ እጁ ወለሉን ይጠርጋል፣ የእህቱን ደንበኞች ፀጉር። ወንበሩ በጨርቅ ተሸፍኗል።

«ተቀመጥ» አልኩት።

«ምነው? ፊትሽ ልክ አይደለም።»

«እባክህ ተቀመጥ። ከቆምክ አልጨርሰውም።»

በጨርቁ ላይ ተቀመጠ። ነገርኩት። ክሩን፣ ጥምጥሙን፣ ሳንሞክረው መሄዱን። ሽቦው ከቀኝ ወደ ፊት ሲወርድ ቁልቁለቱ ላይ ማየቴን። አባዬ ሽቦውን ወደ ቦታው መመለሱንም ነገርኩት፣ ምንም አላስቀረሁም።

ቀኝ እጁን አንስቶ አየው። ቀስ ብሎ ጨበጠው፣ ዘረጋው።

«እንግዲያው እጄ…»

«እጅህ ያዘዝከውን ነው ያደረገው። የከዳሁህ እኔ ነኝ።»

«ስንት ወር ሆነው?»

«አምስት።»

«አምስት ወር» አለ። ድምፁ አልጨመረም፣ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «አምስት ወር ሙሉ በየቀኑ መጣሽ። ማታ ማታ ይህን እጅ እያየሁ ምን ሆነህ ነው እያልኩ ስጠይቀው ነው የማድረው። አንቺን ሸኝቼ ተመልሼ ነው የምጠይቀው።»

ሰው ጥፋቱን ሲያምን የሚቀልለው ይመስል የሚያወሩ አሉ። እኔን አልቀለለኝም።

«ውጪልኝ» አለ። ቀና አላለም። ወጣሁ።

ሐሙስ ወንበሩን የሚወስደው መኪና ባዶውን ተመለሰ። ይህን የሰማሁት ከሰፈር ሰው ነው።

አባዬ ተቆጣ። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ!» አለኝ። ሦስት ቀን አላናገረኝም። በአራተኛው ቀን፣ ሱቁ በደንበኛ እንደ ተሞላ፣ ሽርጡን ፈትቶ መንጠቆ ላይ ሰቀለው።

«የት ነው?»

«ፂሜን ልላጭ።»

አባዬ ከወጣትነቱ ጀምሮ ፂሙን የሚላጨው ራሱ ነው። የሰው ምላጭ አጠገቤ አይደርስም ባይ ነው። ቁልፉን ለጎረቤት ሰጥቼ ተከተልኩት። ከፀጉር ቤቱ ፊት ለፊት፣ መንገዱ ማዶ ቆምኩ።

በመስኮቱ መስታወት አየኋቸው። አባዬ ገብቶ ሁለተኛው ወንበር ላይ፣ ጨርቁን ራሱ ገፎ፣ ተቀመጠ። የሆነ ነገር ተናገረ። እህትየው መቀሷን እንደያዘች ቀረች። እሱ መጥረጊያውን አስቀመጠ። ከዚያ ፎጣ አንስቶ አባዬ አንገት ላይ አሰረ፣ አረፋ ቀባው፣ ምላጩን ከፈተ።

እጁ ተንቀጠቀጠ። ምላጩን አስቀምጦ ጣቶቹን ጨበጠ፣ ዘረጋ። እንደገና አነሳው። እንደገና አስቀመጠው። አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጉሮሮውን አሳልፎ እንደሰጠ ቁጭ ብሏል። እኔ ማዶ ላይ የማላውቀው ሰው መኪና ተደግፌ ቆሜያለሁ፤ ለማንኛቸውም አልጠቅምም። በሦስተኛው ምላጩ አገጩን ነካ።

አንድ ሰዓት ግድም ፈጀ። አባዬ ሲወጣ አገጩ ላይ ትንሽ ጥጥ ተለጥፏል፣ ቀላ ያለ ነጥብ ይታይበታል።

«ነገርኩት» አለኝ መንገዱን እየተሻገረ። «ሽቦውን የመለስኩት እኔ ነኝ፣ ዝም በይ ያልኳትም እኔ ነኝ አልኩት።»

«እሱስ ምን አለ?»

«አገጭዎን ቀና ያድርጉ አለኝ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።» ጥጡን በጣቱ ነካ አደረገ። «ጥሩ እጅ አለው።»

ከዚያ ሰባት ሳምንት እሱ ወደ እኔ አልመጣም። በፀጉር ቤቱ በኩል አላልፍም ብልም እግሬ ይወስደኝ ነበር። መቀሱ ሲንቀጫቀጭ ከመንገድ ይሰማል፤ እየሰማሁ አለፍኩ። ልግባ ብል ምን ብዬ? ሄጄ የማቃናው፣ ፈትቼ የማስረው ነገር አልነበረም። ፀጉሬ አድጎ ዓይኔ ውስጥ ሲገባ ቆረጥኩት። ሰኞ ሰኞ አልጋዬ ላይ እውላለሁ።

በስምንተኛው ሰኞ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። በማሊያ ሆኖ፣ ቦርሳውን አንግቶ ቆሟል። ከስቷል።

«ብስክሌቴን ፈልጌ ነው» አለ።

ሱቁን ከፍቼ ከመንጠቆው አወረድኩለት። ግራው እጀታ ላይ አዲስ ቀይ ክር አስሬበት ነበር። አየውና በቀኝ እጁ ሊፈታው ጀመረ። ቋጠሮው ጠባብ ነው፣ አውራ ጣቱ ደግሞ ገና አልበረታም። ብዙ ታገለ። እጄ ሊያግዘው ሲነሳ ጀርባዬ ላይ አጣመርኩት። በመጨረሻ ፈታው።

«ከእንግዲህ ክር አላምንም» አለ። የፊቱን ጎማ አንስቶ አሽከረከረና በግራው ያዘ። የኋላውን አሽከረከረና በቀኙ ያዘ። ሁለቱም ቆሙ። «ትመጫለሽ?»

ደኑን ሽቅብ ስንወጣ አንዲት ቃል አልተናገረም። ለእኔ ያ ከስድብ በላይ ነበር። ጠጠሩ ብቻ ያወራል። ሜዳው ላይ ደግሞ፣ ያለ ልማዱ፣ ተናገረ።

«ይቅር ብዬሻለሁ ልልሽ አልመጣሁም።»

«አውቃለሁ።»

«አንዳንድ ቀን ጠዋት ስነሳ እጄ ይጠዘጥዘኛል፣ ያኔ እናደድብሻለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ባትነግሪኝ ኖሮ ምን እሆን ነበር እላለሁ። ሁለቱ በአንድ ሰው ውስጥ እንዴት እንደሚኖሩ አላውቅም።»

ቁልቁለቱ አፍ ላይ ቆምን።

«ዛሬ አንቺ ቅደሚ» አለኝ።

ወረድኩ። ጎርፍ የቦረቦረውን አልፌ፣ ታች ደርሼ ዞርኩ። እሱ አናቱ ላይ ቆሟል፣ ሁለት እጁ ፍሬኑ ላይ። ከዚህ ወደዚያ መድረስ አልችልም። ውረድ አልለው፣ አትውረድ አልለው። ሊመለስ ይችላል። ወደ ደኑ ቢዞር በቁጥቋጦው መሃል ጀርባውን እያየሁ ከመቅረት ሌላ ምንም ማድረግ አልችልም። ነፋሱ ይነፍሳል። ቆምኩ።

ከብስክሌቱ ወረደ። መሪውን ይዞ በእግሩ መጣ፣ ደረጃ እንደሚወርድ ሽማግሌ፣ በየእርምጃው ፍሬኑን እየያዘ። ቦርቧራው ላይ ቆመ፣ አየው፣ አለፈው። ሩብ ሰዓት ሳይፈጅበት አልቀረም። እንደዚያ ቀስ ብሎ ወደ እኔ የመጣ ሰው የለም።

ሲደርስ ላብ አጥምቆታል።

«ያን ቀን እዚህ ጋ ልነግርሽ የነበረው ነገር…» አለና ትንፋሹን ሰበሰበ። «ፀጉርሽን ከእኔ ሌላ ሰው አይንካው፣ ዕድሜ ልክ እኔ ልቁረጥልሽ ልልሽ ነበር።»

«አሁንስ?»

የራስ መከላከያዬን አውልቄ ነበር፣ ፀጉሬን ነው የሚያየው።

«ይህንን ደግሞ በምን ቆረጥሽው?»

«በዚያው በፒንሳ።»

«ያስታውቃል።»

ቦርሳውን ከፈተ። መቀስና ማበጠሪያ አወጣ። መንገዱ ዳር ያለ ድንጋይ ላይ አስቀመጠኝ፣ ከኋላዬ ቆመ። መቀሱ ከጆሮዬ ጀርባ ሲደርስ ይንቀጠቀጣል፤ ብረቱ ሲነካኝና ሲርቅ ይሰማኛል። ቢወጋኝ አልፈርድበትም። ዓይኔን ጨፈንኩ።

«እጄ ገና ነው፣ ቀስ ይላል» አለ።

«አልቸኩልም።»

ከዚያ ሁለት ጣቶቹ አንገቴ ላይ አረፉ።

«አገጭሽን ቀና አድርጊ» አለኝ።

ቀና አደረግሁ።